የሃምሳ አለቃ ኸድር አማና

ራቢዓ የሙጂብን ስልክ ካላነሳች ሃያ ሁለት ቀን ሆኗታል። በደወለ ቁጥር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትደፋውና ጥሪው እስኪያበቃ ጀርባውን እያየች ትቀመጣለች። ሲያበቃ እፎይ የምትል ይመስላታል። ግን እፎይታ የለም፤ ስልኩን ገልብጣ ስሙን መልሳ ታያለች።

ራቢዓ የሸዋሮቢት ልጅ ናት፤ እዚያው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች። ሙጂብ የካራቆሬ ሰው ነው። የውሃ ፓምፕ ይጠግናል፤ በሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ሞተራቸው እምቢ ሲላቸው የሚጠሩት እሱን ነው። የተገናኙት የትምህርት ቤቱ ፓምፕ የተበላሸ ጊዜ ነበር። ያን ሰሞን ራቢዓ ከይፋት ቆላ የዘመቱ ወታደሮችን ፎቶግራፍ፣ ሜዳሊያና የአገልግሎት ወረቀት ከየቤተሰቡ እየሰበሰበች በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ታሰናዳ ነበር። ሙጂብ በበሩ ሲያልፍ ፎቶዎቹን አየና ዘይት የነካ እጁን ከኋላው ደብቆ ገባ።

«ይህን ሁሉ ማን ሰበሰበው?»

«እኔ።»

«ታድለዋል፤ የሚፈልጋቸው ሰው አገኙ» አለና ከፎቶዎቹ ወደ እሷ ዞረ። ዓይኑ እሷ ላይ ከሚገባው በላይ ቆየ። ራቢዓም ከሚገባው በላይ ቆይታ ነው ዓይኗን የሰበረችው።

ከዚያ በኋላ «ፓምፑን ልየው» እያለ በየሳምንቱ መጣ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ በአገሩ እንደዚህ የታከመ ፓምፕ የለም እያሉ ይስቁ ጀመር። አንድ ቀን ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው ስለ አያቷ ነገረችው።

«ሃምሳ አለቃ ኸድር ይባላሉ። በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ከዘመቱት ሁሉ እኔ ምንም ያላገኘሁት የራሴን አያት ነው። ኮንጎ ሄደው በዚያው ቀሩ። ቤታችን ፎቷቸው እንኳ የለም።»

የሙጂብ ፊት የተለወጠ መስሏት ነበር፤ ስላዘነላት ነው ብላ ይበልጥ ወደደችው።

በራቢዓ ቤት ኮንጎ የሚለው ቃል ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ሌላ ስም ነበር። ኢልያስ። ኸድርና ኢልያስ የአሊዩ አምባ ልጆች ነበሩ፤ ከክብር ዘበኛ ጦር ጋር አብረው ኮንጎ ዘመቱ። ኢልያስ ተመለሰ፤ ኸድር አልተመለሰም። ኸድር ሲሞት ልጁ አብዱልሀኪም፣ ማለት የራቢዓ አባት፣ ገና የስድስት ወር ሕፃን ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤት ኢልያስ ቤት ሁለት ሜዳሊያ አየሁ አለ። ወሬው ዞረ። ኢልያስ የሞተ ጓደኛውን ሜዳሊያ ሰርቆ መጣ ተባለ፤ ሰላምታም ነፈጉት። ኢልያስ አንድም ቃል ሳይመልስ ቤቱን ነቅሎ ወደ አጣዬ ሄደ። አብዱልሀኪም ያደጉት ይህን እየሰሙ ነው። ዛሬ የታወቁ የማሾ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ያከብራቸዋል። «የአባቴን ሜዳሊያ የሰረቀ ቤት» ሲሉ ግን ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ይሆናል።

ከሃያ ሁለት ቀን በፊት ራቢዓ ካራቆሬ ሄደች። ሙጂብ እናቱን ሊያስተዋውቃት ነበር። እናቱ ነኢማ ደስታቸው ወሰን አጣ። «የዘማች ዕቃ ትሰበስባለች» ሲባል ስለሰሙ፣ ሙጂብ ለስላሳ ሊገዛ ወጣ ባለበት፣ ከአልጋ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን አውጥተው ከፈቱላት። ሁለት የነሐስ ሜዳሊያ ነበር። በአንደኛው ሥር የታጠፈ ወረቀት፤ በወረቀቱ ላይ የአያቷ ስም።

ሙጂብ ሲመለስ ቆማ አገኛት።

«አንተ የኢልያስ የልጅ ልጅ ነህ?»

«ራቢዓ…»

«ታውቅ ነበር?»

መሬት መሬት አየ። ያ በቃት። ቃል ሳትጨምር ወጥታ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ እስከ ሸዋሮቢት በመስኮቱ ያለፈውን ማሽላ ሁሉ በእንባ ውስጥ አየችው።

*

ደብዳቤው የመጣው ረቡዕ ዕለት ነው። ማህሌት የምትባል ባልደረባዋ ካራቆሬ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ ይዛው መጣች። «ሙጂብ፣ ስልክ አላነሳ ካለችኝ ጽሑፍ ታነባለች ብሏል» አለችና የመምህራን ክፍሉን በር ዘግታላት ወጣች።

«ራቢዓ፣

አሰላሙ አለይኩም። አውቅ ነበር። የአያትሽን ስም የነገርሽኝ ቀን መናገር ነበረብኝ። ነገ ነገ እያልኩ አራት ወር አሳለፍኩ፤ ከፊቴ ብትነሺ ምን እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምክንያት አልደረድርም።

ግን ይህን ስሚኝ። አያቴ ደረታቸው ላይ ያደረጉት የራሳቸውን ሜዳሊያ ብቻ ነበር። ሊሞቱ ሲሉ እናቴን ጠርተው ‹ይህች ሁለተኛዋ የእኛ አይደለችም፤ አማና ናት፣ የሰው አደራ። ባለቤቷ ስትጠይቅ ስጧት› አሏት። ለምን በጊዜው እንዳላደረሷት ጠይቀናቸው ነበር። ዝም አሉ። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ፣ ወደ ካራቆሬ ስንሸሽ፣ እናቴ ከቤታችን ያወጣችው ያቺን ሳጥን ብቻ ነው። የሰርግ ልብሷን እንኳ ትታ። የተሰረቀ ዕቃ እንዲህ ይያዛል ወይ? አንቺ የታሪክ መምህር ነሽ፤ ፍረጂ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አባትሽ ቤት ሳጥኑን ይዤ እመጣለሁ። የምመጣው አንቺን ለመለመን አይደለም፤ አማናውን ላደርስ ነው። አባትሽ ቢያባርሩኝ እሄዳለሁ። አንቺን ከመውደድ ግን ማንም አያባርረኝም።

ሙጂብ»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። በመጀመሪያው ተናደደች፤ በሁለተኛው አለቀሰች። በሦስተኛው «ባለቤቷ ስትጠይቅ» የሚለው ላይ ቆመች። ለምን «ቤተሰቡ ሲጠይቅ» አላሉም? ለምን «ልጁ ሲያድግ» አላሉም? ባለቤቷ ያሏት ማንን ነው?

ልቧ ለሙጂብ መፍረድ ፈልጎ ነበር። በልብ ብቻ ፈርዳ አባቷ ፊት መቆም ግን አልቻለችም።

*

ሐሙስ ንጋት ላይ አዲስ አበባ ሄደች። ጣርማበር ላይ ሲደርሱ ብርዱ በመስኮት ገባ፤ የቆላ ልጅ ናትና ሻሿን ደራርባ ተጠቀለለች። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የዘማቾች ማኅበር ቢሮ አሮጌ መዝገቦችን የሚጠብቁ ሻምበል ደረጄ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቀደም ሲል በስልክ ስለ ሌሎች ዘማቾች ረድተዋታል።

«ከሸዋሮቢት ድረስ ለአንድ ሜዳሊያ?» አሏት መነጽራቸውን ከግንባራቸው እያወረዱ።

«ለሁለት ቤተሰብ ነው ሻምበል።»

ትኩር ብለው አዩዋትና ሌላ አልጠየቁም። ቀኑን ሙሉ አብረው ፈለጉ። ስሞች፣ ቁጥሮች፣ በምስጥ የተበሉ ዳሮች። ቢሮው ሊዘጋ ሲል ሻምበል ደረጄ አንድ ቡናማ ዶሴ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ና እስቲ… ይቅርታ፣ ነይ እስቲ፣ የኔ ልጅ። ዓይኔ ደክሟል፤ አንቺው አንብቢው።»

አነበበች። ሃምሳ አለቃ ኸድር በ1954 ዓ.ም. ቁስለኛ የጫነች ጀልባ በተገለበጠች ጊዜ ሰባት ሰው ከወንዝ አውጥቶ፣ ለስምንተኛው ሲመለስ ውሃ እንደ ወሰደው ተጽፏል። አስከሬኑ አልተገኘም። ሜዳሊያው ለሟች ባለቤት እንዲያደርስ ለአገሩ ልጅ ለአስር አለቃ ኢልያስ ተሰጥቷል። ከዚያ ገጽ ጋር ሌላ ወረቀት በስፒል ተያይዞ ነበር፤ ጥቅጥቅ ባለ የወታደር እጅ ጽሑፍ።

«የተሰጠኝን ሜዳሊያ ለሟች ባለቤት ለወይዘሮ አሪፋ ሦስት ጊዜ ይዤ ቀርቤ አልቀበልም ስላሉኝ፣ ምን እንዳደርግ ትእዛዝ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ። መጋቢት 1955።»

በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም አንድ መስመር፦ «እስኪቀበሉ ድረስ በእጅህ ይቆይ።»

ራቢዓ ስሙን ደግማ አነበበችው። ወይዘሮ አሪፋ አያቷ ናቸው። ያሳደጓት፣ ቁርዓን እያስነበቡ ያስቀሯት፣ ዛሬም ጠዋት ስትወጣ «በሰላም ግቢ» ያሏት እማማ።

«ይህ አስር አለቃ በሕይወት አለ?» አሉ ሻምበል ደረጄ።

«ከሞቱ ዐሥር ዓመታቸው።»

ሽማግሌው ዶሴውን በቀስታ ዘጉት። «እንግዲህ እስከ ዕለተ ሞቱ በዘብ ቆሟል። ከትእዛዙ ያነሳው ሰው የለም» አሉ።

ራቢዓ ወረቀቱን በስልኳ አንስታ ወጣች። ሙጂብን መጥራት ፈለገች፤ ስሙ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። ምን ትለዋለች? አያትህን ሌባ ያሰኘው የእኔ አያት ዝምታ ነው? ስልኩን መለሰችው። በመመለሻው መንገድ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የቆላው ሙቀት ቀስ እያለ ተቀበላት። የሚሞቃት ግን አልነበረም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ጊዜ ወደ አያቷ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። እማማ አሪፋ በረንዳው ላይ ምንጣፋቸውን ዘርግተው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። እንዴት ብላ ትጀምር? ከዐስር ሶላት በኋላ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ መጀመሪያውን አላገኘችውም።

ሙጂብ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ሳጥኑን በጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ከስቷል። ራቢዓን አላያትም፤ ላለማየት ምን ያህል እንደሚታገል ግን እሷ ከበረንዳው ሆና አየች።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ማን ልበል?» አሉ አብዱልሀኪም።

«ሙጂብ እባላለሁ። የአሊዩ አምባው የኢልያስ የልጅ ልጅ ነኝ።»

የአብዱልሀኪም ፊት ጠቆረ። «ይህ ስም በዚህ ግቢ አይጠራም። ውጣ።»

«እወጣለሁ። አማና ላደርስ ነው የመጣሁት…»

«ውጣ ብያለሁ!»

ራቢዓ በመካከላቸው ገባች። እግሯ እንዴት እንዳደረሳት አታውቅም። «አባ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ። ከዚያ ሁለታችንንም ያባርሩን።»

«ሁለታችንን?» አባቷ እሷን አዩ፤ ሙጂብን አዩ። «ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ አባ። እወደዋለሁም።»

ሙጂብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ ሃያ አምስት ቀን የጠበቀው ሁሉ ፊቱ ላይ ነበር። ራቢዓ ስልኳን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ጀልባዋን፣ ሰባቱን ሰው፣ ስምንተኛውን። የኢልያስን ማመልከቻ። «ለወይዘሮ አሪፋ ሦስት ጊዜ ይዤ ቀርቤ አልቀበልም ስላሉኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ አባቷ እጃቸውን አነሱ።

«ውሸት ነው! እናቴ እንዲህ ያለ ነገር…» ወደ በረንዳው ዞሩ። «እማዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

መቁጠሪያው ቆሞ ነበር።

«እውነት ነው» አሉ እማማ አሪፋ።

አብዱልሀኪም ወደ በረንዳው አንድ እርምጃ ሄዱ።

«ማሽላ ስወቃ መጣ» አሉ አሮጊቷ፣ ማንንም ሳያዩ። «የወታደር ልብስ ለብሷል። ገና ከሩቅ ሳየው ብቻውን መሆኑን አየሁ። ሳጥን ሰጠኝ። ‹ሰውዬውን አምጣልኝ፤ ብረቱን ለላኩህ መልስላቸው› አልኩት። ወንዝ ወሰደው አለኝ። ‹ሬሳውን አይተሃል?› አልኩት። አላየሁም አለ። ‹እንግዲያው አልሞተም፤ ሂድ› አልኩት። ሦስት ጊዜ ሲጽፍ ነው እንጂ፣ አጣዬ ከሄደም በኋላ በየአረፋው ሰባት ዓመት መጥቷል። የሟች ሚስት የምትጠብቀውን ዒዳም አልቆጠርኩ። ብረቷን ከተቀበልኩ እኔው በእጄ የምገድለው መሰለኝ።»

«ሌባ ሲሉትስ?» አለች ራቢዓ በሹክሹክታ።

«ሰማሁ። አፌን ያዝኩ።» መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «እሱ ሌባ ከሆነ፣ ሞተ ያለውም ውሸት ይሆናል ብዬ። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወሬው ሲከብድ እነግራለሁ አልኩ። ወዲያው አገር ለቆ ሄደ። ከዚያ ልጄ አደገ፣ ኢልያስን መጥላት ለመደ፤ እኔም ያንን ከእጁ ነጥቄ ምን እንደምሰጠው አጣሁ።»

አብዱልሀኪም እበረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በዚያች ሰዓት መቶ መሰሉ።

«እኔ ያንን ሰውዬ አጣዬ ገበያ ላይ አግኝቼዋለሁ» አሉ። «የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ። ሰው ፊት ፊቱ ላይ ምራቄን ተፋሁበት። ምንም አላለኝም። ጠርጎ ሄደ።»

ሙጂብ ቀረብ አለ።

«ጋሼ… አያቴ ያንን ቀን ለእናቴ ነግረዋታል። ‹ዛሬ የኸድርን ልጅ አየሁት፤ ትከሻው የአባቱ ነው› ብለው። ደስ ብሏቸው ነበር ነው የምትለው። ስለ ምራቁ ግን ዛሬ ከእርስዎ መስማቴ ነው።»

አብዱልሀኪም ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ራቢዓ አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም። ትከሻቸው፣ ያ የአባታቸው የተባለው ሰፊ ትከሻ፣ ያለ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። ልትነካቸው ፈልጋ ፈራች። የነካቸው ሙጂብ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አኖረና እጁን እጃቸው ላይ ትንሽ አቆየው።

በሳጥኑ ውስጥ፣ ከሜዳሊያዋ ሥር፣ ራቢዓ ያን ቀን ያላየቻት አንዲት ፎቶግራፍ ነበረች። ሁለት ወጣት ወታደሮች ሰፊ ወንዝ ዳር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይስቃሉ። አብዱልሀኪም ፎቶውን አነሱ። ራቅ አደረጉት፤ አቀረቡት። ከዚያ እንደ ሕፃን ወደ እናታቸው አዙረው ያዙት።

«የትኛው ነው?»

እማማ አሪፋ ጣታቸውን ዘረጉ። ጣቱ በግራ በኩል ባለው፣ ዓይኑን በፀሐይ ጨፈን ባደረገው ጎረምሳ ላይ አረፈ። እዚያው ብዙ ቆየ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። በስልሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ለኸድር ያችን ለሟች የምትባል ቃል ሲሏት የመጀመሪያቸው ነበር። ሜዳሊያዋን ከሳጥኑ አነሱና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ከዚያ ሙጂብን በእጃቸው ጠሩት። «የኢልያስ ልጅ፣ ቅረብ እስቲ። በቁሜ ሳለሁ ዓውፍ የሚለኝ፣ ይቅር የሚለኝ ሰው ቢኖር አንተ ነህ።»

«አያቴ ቂም አልነበራቸውም፣ እማማ። እኔ ከየት አመጣዋለሁ?» አለና ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ።

*

ራቢዓ እስከ ውጭው በር ሸኘችው። ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ስልክህን ባለማንሳቴ…» አለች።

«እኔ በመደበቄ።»

«አራት ወር ነው የደበቅከኝ። ዳግመኛ እንዲህ እንዳታደርገኝ፣ ሙጂብ። ክፉም ቢሆን ንገረኝ።»

«እነግርሻለሁ። አሁንም አንድ ልንገርሽ?»

«ክፉ ነው?»

«አባትሽ ፊት እወደዋለሁ ስትይ ሳጥኑ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።»

ሳቀች። ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። ከኋላቸው የእግር ድምፅ ሰምተው ተለያዩ። አብዱልሀኪም ናቸው፤ ዓይናቸው እንደቀላ ነው፣ ፎቶውን ግን አልለቀቁም።

«ኢልያስ የት ነው የተቀበሩት?»

«አጣዬ ነው ጋሼ።»

«ነገ እሑድ እመጣለሁ። መቃብራቸውን የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ፎቶውን አየት አደረጉት። «ልቤ ገና አልተመለሰም፤ እንዲያው እንዳትቸኩሉብኝ። እናቴንም ለመናገር ጊዜ ያስፈልገኛል።»

«እሺ ጋሼ።»

ሊመለሱ ዞረው ነበር። ከዚያ ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ ለማንም ያልተናገሩ እየመሰሉ አከሉ፦ «ለእናትህ ንገራት። ሽማግሌ የሚልክ ሰው መጀመሪያ ደውሎ ቀን ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ማሾ በሚገባበት ወር ቤት አልገኝም።»

ወደ ቤት ገቡ። ራቢዓ ማሾ የሚገባበት ወር እስኪደርስ ስንት ሳምንት እንደቀረ ልታሰላ ሞከረች፤ አሰላችው፣ መልሳ ጠፋባት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ጎረቤቶች ሁሉ በረንዳቸው ላይ ናቸው። ሁሉም ያዩአቸዋል። እሷም ዓይኗን ሳትሰብር፣ ሳትቸኩል፣ እስኪበቃት አየችው። አልበቃትም።